የኤሌክትሪክ ማመንጫ መምታት የጦር ወንጀል ነው? ከሕርጊጎ እስከ ኪየቭ

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሩሲያ የዩክሬንን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ስትደበድብ የጦር ወንጀል ነው ተባለ፤ አዛዦቿም የእስር ማዘዣ ወጣባቸው። ኔቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የሰርቢያን መብራት ሲያጠፋ ግን ማንም አልተጠየቀም። ኢትዮጵያም በ1992 ዓ.ም. ምጽዋ አጠገብ ያለውን የሕርጊጎ ማመንጫ መታች፤ ዘ ሄግ ላይ ሕጋዊ ነው ተባለላት። ታዲያ ሕጉ የቱ ነው? ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ወይስ ሕጉ እንደ ሰው ፊት ይለያያል?»

ጠያቂያችን፣ ጤና ይስጥልኝ። ሦስቱን አንድ ላይ ማስቀመጥዎ ደስ ብሎኛል። ይህን ሕግ ሳስተምር ክፍሉ ከሁሉ በላይ የሚሟገተው እዚህ ላይ ነው። የባለሙያዎቹም ዓለም እንደዚያው ነው፤ ገና አልተስማማም።

ቀጥታ መልሱን ላስቀድም። ማመንጫ ስለሆነ ብቻ አይመታም የሚል ሕግ የለም። ማመንጫ ስለሆነ ብቻ ይመታል የሚል ሕግም የለም። ነገሩ የሚወሰነው ያ ጣቢያ በዚያን ቀን ለጦሩ ምን ይሠራ ነበር፣ ሲጠፋስ ጨለማው ማን ላይ ወደቀ በሚለው ነው።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1977 የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ነው። አንቀጽ 52 ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዲሟላ ይፈልጋል። ቦታው በባሕርዩ፣ በአቀማመጡ፣ በታሰበለት ዓላማ ወይም በሚሰጠው አገልግሎት ለጦርነቱ እንቅስቃሴ ውጤት ያለው አስተዋጽኦ ማድረግ አለበት። መውደሙ ደግሞ «በወቅቱ በነበረው ሁኔታ» ቁርጥ ያለ ወታደራዊ ጥቅም ማስገኘት አለበት። አንዱ ከጎደለ ቦታው የሲቪል ነው፤ አይነካም። «በወቅቱ በነበረው ሁኔታ» የምትለዋን ሐረግ ይያዙልኝ።

ድሮ ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1956 ባዘጋጀው ረቂቅ ላይ የወታደራዊ ዒላማዎች ዝርዝር ነበረ። ኤሌክትሪክ ማመንጫ እዚያ ውስጥ የገባው «በዋናነት ለጦሩ የሚያመነጭ» ከሆነ ብቻ ነው። መንግሥታት ረቂቁን አልተቀበሉትም። ዝርዝሩ ቀረና መመዘኛው መጣ። መመዘኛ ደግሞ ያከራክራል።

አሁን ወደ ሕርጊጎ እንሂድ። የእኛው ጉዳይ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዚህ ጥያቄ ላይ ዓለም አቀፍ ዳኞች በቀጥታ ከወሰኑባቸው በጣት ከሚቆጠሩ ጉዳዮች አንዱ ስለሆነ ነው። ኪየቭን ለመተንተን የሚቀመጡ የሕግ ሰዎች ዛሬም ሕርጊጎን ይጠቅሳሉ።

ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት የሦስተኛው ዙር ማጥቃት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከምጽዋ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የሕርጊጎ ማመንጫ ደበደበ። ጣቢያው አዲስ ነው። ግንባታው ተገባዶ ሙከራ ላይ ነበር። ለሕዝብም ሆነ ለጦሩ በመደበኛነት መብራት መስጠት አልጀመረም።

ኤርትራ ጉዳዩን፣ ጦርነቱን በቋጨው በአልጀርሱ ስምምነት ተቋቁሞ ዘ ሄግ ወደተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ወሰደችው። አምስት ዳኞች ናቸው። መጀመሪያ የገጠማቸው፣ ኤርትራ የፕሮቶኮሉ አባል አለመሆኗ ነበር። ኮሚሽኑ ግን አንቀጽ 52 ልማዳዊ ሕግ፣ ማለትም ያልፈረመንም አገር የሚያስር ሕግ ሆኗል፣ ሁለቱንም ያስራል አለ። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2005 በሰጠው ውሳኔ አብላጫው ለኢትዮጵያ ፈረደ። ምክንያቱ ሁለት እርከን አለው። አንደኛው፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ለአንድ አገር የጦርነት ጊዜ መገናኛ፣ መጓጓዣና ኢንዱስትሪ ትልቅ ቦታ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ወታደራዊ ዒላማ ነው አለ። ከዋናው መስመር ተነጥሎ ለሆስፒታልና ለመሳሰለው ብቻ የሚያመነጭ ከሆነ ግን አይደለም። ገና ሥራ አለመጀመሩም አላዳነውም፤ «የታሰበለት ዓላማ» የሚለው ቃል ሕጉ ውስጥ አለና።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ሊስማማ ይችላል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ቁርጥ ያለው ወታደራዊ ጥቅም ምን ነበር? ኮሚሽኑ የመለሰው በዚህ መንፈስ ነው፦ ጣቢያው ለኤርትራ ኢኮኖሚ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ኢትዮጵያ በዚያ ሰዓት ኤርትራ ጦርነቱን ለማቆም እንድትስማማ እየገፋች ነበር፤ ስለዚህ ያ የኢኮኖሚ ጉዳት ራሱ ወታደራዊ ጥቅም ነው።

የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ሀንስ ፋን ሁተ ከባልደረቦቻቸው ተለዩ። የተለየ አስተያየት ጽፈው፣ ጣቢያው በመመታቱ ወታደራዊ ጥቅም ስለመገኘቱ አልተስማሙም።

እኔ ከፋን ሁተ ጋር ነኝ። ኢትዮጵያዊ ሆኜ ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። ውሳኔው ለአገሬ ነው የወጣው። ግን የአብላጫውን መንገድ እስከ መጨረሻው ይከተሉት። ለኢኮኖሚ የሚጠቅም ነገር ሁሉ ሲመታ መንግሥትን ያስጨንቃል። የተጨነቀ መንግሥት ለመደራደር ይቀርባል። በዚህ ስሌት ወደቡም፣ ሲሚንቶ ፋብሪካውም፣ የቡና እርሻውም ዒላማ ነው። አንቀጽ 52 የተጻፈው ደግሞ ይህንኑ በር ለመዝጋት ነበር። ጥቅሙ ወታደራዊ ይሁን ያለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያው ኮሚሽን ኢትዮጵያን በሌላ ድብደባ ጥፋተኛ ብሏታል። አሰብን የሚያጠጣውን የሐርሲሌ የውሃ ማጠራቀሚያ መምታቷ ሕገወጥ ነው ተባለ፤ ለሕዝብ ሕልውና የግድ የሆነ ነገር አይመታም የሚለው ደንብ አለና። ኤርትራም ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ፣ አይደር ትምህርት ቤትና ሰፈሩ ላይ በወደቁት ቦምቦች ተጠያቂ ሆናለች። 53 ሲቪሎች የሞቱበት ነው፤ 12ቱ ተማሪዎች። እዚያ የተባለው ኤርትራ ሆን ብላ ትምህርት ቤት መታች አይደለም። ማድረግ የሚገባትን ጥንቃቄ ሁሉ አላደረገችም ነው። ስለዚህ «ዘ ሄግ ለኢትዮጵያ ፈረደ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚያልቅ ታሪክ የለም።

የኢኮኖሚ ጫናው ክርክር ከሕርጊጎም በፊት ነበረ፣ በኋላም ቀጥሏል። አሜሪካ ወታደራዊ ዒላማ የምትለው ውጊያን በቀጥታ የሚያግዘውን ብቻ አይደለም። ጦርነቱን ለማስቀጠል የሚያስችለውን አቅምም ትጨምራለች። በዚህ ሐሳብ ነው እስላማዊ መንግሥት ነኝ ባዩን ቡድን ስትዋጋ የነዳጅ ቦቴዎቹን፣ በኋላም ኢራቅ ውስጥ ሞሱል ላይ የተከማቸ ጥሬ ገንዘቡን ከአየር የደበደበችው። ቀይ መስቀልና ብዙ ምሁራን አይቀበሉትም። ነዳጁ ወደ ታንክ የሚገባ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ተሸጦ፣ ገንዘቡ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ጥይት ተገዝቶ ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ረዘመ ይላሉ። ዩክሬን በድሮን የምትመታቸው የሩሲያ ነዳጅ ማጣሪያዎችም በዚሁ ሚዛን ነው የሚታዩት። ለጦሩ የሚያጣራና ለውጭ ገበያ ብቻ የሚያጣራ እኩል አይደሉም።

ሰርቢያ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1999 ማታ የኔቶ አውሮፕላኖች በካርቦን ክር የተሞሉ ቦምቦች ጣሉ። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር መስመሮቹና ትራንስፎርመሮቹ ላይ ተነጠፈ፤ ሾርት አደረጋቸው። ከአገሪቱ 70 በመቶ ያህሉ ጨለመ። የዚህ ዓይነቱ ቦምብ አያቃጥልም፤ መስመሩን ማጽዳትና መልሶ ማብራት ይቻላል። በሕግ ዓይን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በኋላ ግን የተለመደው ፈንጂም ተጣለ።

የአየር መከላከያው፣ የራዳሩና የእዝ ማዕከሉ መብራት ጠፋ ተባለ። ይህ ወታደራዊ ምክንያት ነው፤ ያስኬዳል። ነገር ግን በዚያው ወር የኔቶ ቃል አቀባይ ጄሚ ሼይ በመግለጫ ላይ፣ የዩጎዝላቪያ (ሰርቢያ ያኔ የነበረችበት አገር) ፕሬዚዳንት ሚሎሴቪች ሕዝቡ ውሃና መብራት እንዲያገኝ ከፈለገ የኔቶን አምስት ቅድመ ሁኔታዎች መቀበል ነው ያለበት የሚል ነገር ተናገረ። እዚህ ላይ ምክንያቱ ተቀየረ። ራዳሩ ቀረና የሕዝቡ ጥምና ጨለማ መደራደሪያ ሆነ። ይህ አነጋገር ያኔ ከኔቶ አፍ ስለወጣ አይጸዳም። ስህተት ነበር፤ ስህተት ነው።

አሁን ደግሞ ዩክሬን። ሩሲያን ከክራይሚያ የሚያገናኘው ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2022 ፍንዳታ ደረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ሩሲያ በዩክሬን ሙሉ የኃይል መሠረተ ልማትን በሚሳይል መምታት ጀመረች። ፑቲን በዚያው ቀን ለፍንዳታው የተሰጠ ምላሽ ነው አሉ። በታኅሣሥ ወርም ስለ ድብደባው ሲናገሩ፣ አዎ እናደርገዋለን፣ ግን ማን ጀመረው አሉ።

ይህን ሲሰሙ የሕግ ሰዎች ብድግ ይላሉ። ፕሮቶኮሉ በሲቪል ንብረት ላይ የብቀላ ጥቃትን ለይቶ ይከለክላል። «እነሱ ስለጀመሩ» ያለ ሰው ወታደራዊ ጥቅሙን አላስረዳም። ሩሲያም ዩክሬንም የፕሮቶኮሉ አባል ናቸው።

ለሩሲያ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ የባቡሩ ነው። የዩክሬን ባቡር ብዙው በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከምዕራብ የሚገባው መሣሪያ በሐዲድ ነው ወደ ግንባር የሚጓዘው። ለዚያ ባቡር ኃይል የሚሰጥን ማከፋፈያ ጣቢያ መምታት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ይህን አልክድም። ችግሩ ያለው፣ ከአንዱ ጣቢያ ተነስቶ ሙሉውን መረብ እንደ አንድ ዒላማ መቁጠሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ፣ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር ለብቻው መመዘን አለበት። «መስመሩ የተያያዘ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይመታል» ማለት፣ ከተማ ውስጥ ወታደር አለ ብሎ ከተማውን በሙሉ እንደ መደብደብ ነው።

ከዚያ ሚዛኑ ይመጣል። ጣቢያው በርግጥ ወታደራዊ ዒላማ ነው እንበል። አንቀጽ 51 ከሚገኘው ወታደራዊ ጥቅም ጋር ሲነጻጸር በሲቪሎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት የበዛ ከሆነ አትምታ ይላል። የዛሬው ትልቁ ክርክር ይመስለኛል ይህ ነው፦ ጉዳት ሲባል ቦምቡ የወደቀበት ግቢ ውስጥ የሞተው ጥበቃ ብቻ ነው? ወይስ ከመብራቱ በኋላ ተራ በተራ የሚመጣውም ይቆጠራል?

ከቅርብ እንየው። ኪየቭ፣ ኅዳር 2022። ብርዱ ገብቷል። ሚሳይሉ ማከፋፈያ ጣቢያ መታ። መብራት ሄደ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ቆመ፤ ፎቅ ላይ ያሉ አሮጊት በጄሪካን ካልመጣላቸው ውሃ የላቸውም። ሊፍቱም ቆሟል። ማሞቂያው በፓምፕ የሚዞር ሙቅ ውሃ ስለሆነ እሱም ይቀዘቅዛል። በዚያው ሰሞን በከተማዋ የልብ ሆስፒታል ሐኪሞች ግንባራቸው ላይ ባሰሩት ባትሪ እያበሩ የሕፃን ልብ ሲያክሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የተመታው ሆስፒታሉ አይደለም። ሚሳይሉ የወደቀው ራቅ ብሎ ነው።

እኛ አገር መብራት ሲጠፋ ስልክ ቻርጅ የት እናድርግ እንላለን። በጦርነት ግን ቶሎ አይመለስም። ትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች በትእዛዝ ነው የሚሠሩት፤ ብዙዎቹ ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ ተሠርተው እስኪመጡ ብዙ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ነው ጨለማው።

ኢራቅ ላይም እ.ኤ.አ. በ1991 ይኸው ታይቷል። ማመንጫዎቹ ሲመቱ የውሃ ማጣሪያውና የፍሳሽ ፓምፑ ቆሙ። ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ጤግሮስ ወንዝ ወረደ። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ ተከተሉ። ልጆች የሞቱት ከቦምቡ በኋላ ነው።

አንዳንድ የጦር ሕግ አዋቂዎች ይህ ሁሉ ሩቅ ነው፣ አዛዡ እንዲህ እስከ ጫፍ ሊያስብ አይችልም ይላሉ። ቀይ መስቀል ደግሞ አስቀድሞ ሊገመት የሚችለው ሁሉ ይቆጠር ይላል። እኔ የቀይ መስቀሉን እይዛለሁ። በ1991 «አላወቅንም» ማለት ምናልባት ያስኬድ ነበር። ዛሬ ግን መብራት ሲጠፋ ውሃ እንደሚቆም የማያውቅ የጦር አዛዥ የለም። እያወቁ «ሩቅ ነው» ማለት አይቻልም።

የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም ወደዚህ ያዘነበለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 2024 በጥቃቶቹ ጊዜ የሩሲያ የረጅም ርቀት አየር ኃይል አዛዥ ለነበሩት ለሰርጌይ ኮቢላሽና የጥቁር ባሕር መርከቦች አዛዥ ለነበሩት ለቪክቶር ሶኮሎቭ፣ በሰኔም የመከላከያ ሚኒስትር ለነበሩት ለሰርጌይ ሾይጉና ለጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ለቫሌሪ ገራሲሞቭ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ሁለት መንገድ ነው የያዘው። አንደኛ፣ ጣቢያዎቹ የሲቪል ናቸው። ሁለተኛ፣ ወታደራዊ ዒላማ ሊሆኑ የሚችሉት እንኳ ቢሆኑ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚጠበቀው የሲቪል ጉዳት ከጥቅሙ ጋር ሲታይ በግልጽ የበዛ ነው። ሁለተኛው ነው ለእኔ አዲሱ ነገር። የእስር ማዘዣ ግን ፍርድ አይደለም። በማስረጃ የተፈተነ ነገር ገና የለም።

«ሕጉ እንደ ሰው ፊት ይለያያል ወይ» ላሉት፣ ሁለት ነገር ለየብቻ ልመልስ። የሕጉ ጽሑፍ አይለያይም። የሰርቢያው ጥቃት የሳምንታት ነው፣ ሌሊቱም የግንቦት ነው፤ የዩክሬኑ ግን ብርዱን ክረምት ሙሉ፣ ወራት የዘለቀ ዘመቻ ነው። ይህ ሚዛኑ ላይ በርግጥ ለውጥ ያመጣል። ከሳሽ የማግኘቱ ነገር ግን ይለያያል፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። የዩጎዝላቪያው የወንጀል ፍርድ ቤት በኔቶ ላይ ሥልጣን ነበረው። የዐቃቤ ሕግ ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2000 ገምግሞ ምርመራ አልከፍትም አለ። በዝርዝር ካያቸው ክስተቶች ውስጥም የመብራቱ ጉዳይ አልነበረም። መታየት ነበረበት። ኢራቅ ላይ ደግሞ የሚያየው ፍርድ ቤት ጭራሽ አልነበረም። የሕርጊጎው ኮሚሽንም የመንግሥታትን ተጠያቂነት እንጂ የግለሰብን ወንጀል አይዳኝም ነበር። አብራሪውንም አዛዡንም የጠየቀ የለም።

የኮሚሽኑ ውሳኔ የሚያስረው ሁለቱን አገሮች ብቻ ነው። ጽሑፉ ግን ማንም ሊጠቅሰው ይችላል። ኮቢላሽ ወይም ሶኮሎቭ አንድ ቀን ዘ ሄግ ቢቀርቡ፣ ጠበቆቻቸው መጀመሪያ ከሚያነሷቸው ገጾች አንዱ ስለ ሕርጊጎ የተጻፈው ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ኢኮኖሚያዊ ጫና ወታደራዊ ጥቅም ነው የሚለው ገጽ። የእኛ ማመንጫ ቢመታም ያው ገጽ ነው የሚነበብልን።

ይህን ስል ብዙ ሰው ወዲያው ስለ ሕዳሴ ግድብ ይጠይቀኛልና እግረ መንገዴን ልመልስ። ግድብ ሌላ አንቀጽ አለው። አንቀጽ 56 ግድብን፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብንና የኑክሌር ማመንጫን፣ ወታደራዊ ዒላማ ቢሆኑ እንኳ፣ መመታታቸው የታቆረውን ኃይል ለቆ በሲቪሎች ላይ ከባድ ጥፋት የሚያደርስ ከሆነ አትንኩ ይላል። ያለው ልዩ ሁኔታ በጣም ጠባብ ነው። ግድቡ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ታች ሱዳን አለች። ግብፅም ኢትዮጵያም የፕሮቶኮሉ አባል ናቸው። ከግድቡ ርቀው ያሉት የማስተላለፊያ መስመሮችና ማከፋፈያ ጣቢያዎች ግን ቢመቱ ውሃ አይለቁም። የአንቀጽ 56 ከለላ አይደርሳቸውም። እነሱ የሚመዘኑት እንደ ሕርጊጎ በአንቀጽ 52 ነው።